ኖራ የቀባነው ግድግዳ፦ የታሪክና ቅርስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጅ "ዘንድሮስ ክበባችሁ ምን ሠራ?" ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የሠራነው ሳይሆን ያበላሸነው ነው። ከእሱ ልጀምር።

ጥቅምት ላይ ነው። 34 ልጆች ተመዝግበዋል። በመጀመሪያው ወር የሚታይ ነገር ካልሠሩ እንደሚበተኑ ከልምድ አውቃለሁ። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ደግሞ አንድ የጣሊያን ዘመን ቤት አለ። አንዲት እናት ብቻቸውን ይኖሩበታል። ግድግዳው ሻግቷል፣ ልስኑ እዚህም እዚያም ረግፏል። "ቲቸር፣ ኖራ እንቀባላቸው" ተባለ። እኔም ቀበል አድርጌ "ጥሩ ሐሳብ!" አልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ልጆቹ ኖራውን በባልዲ በጠበጡ፣ መጥረጊያ ረጅም እንጨት ላይ አሰሩ፣ ተያያዙት። እማማ በር ላይ በርጩማቸውን አውጥተው ቁጭ ብለው ያዩናል። "ልጆቼ፣ ጨው ጨምሩበት፣ አለዚያ ኖራው አይዝም" አሉን። ጨው አልገዛንም ነበር። "ችግር የለም እማማ" ብለን አለፍነው። ሲያልቅ ቤቱ ወተት መሰለ። ፎቶ ተነሳን፣ ቡና ተፈላልን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ሰኞ ማታ ስልኬ ላይ የበፊቱን ፎቶ ከአሁኑ ጋር ሳስተያይ ልቤ ቀጥ አለ። በበፊቱ ፎቶ ላይ፣ ከመስኮቱ ከፍ ብሎ፣ የደበዘዙ ጥቁር የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። ፋሺስቶች በየግድግዳው ይጽፉት ከነበረው መፈክር የተረፈ ይመስለኛል። በዚያ መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። የታሪክ አስተማሪ ነኝ እኮ!

በሚቀጥለው ስብሰባ ፎቶውን አሳይቼ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው። ግማሾቹ ደነገጡ። ሌሎቹ ግን ግድም አልሰጣቸው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን እንኳ ሳያወጣ "ቲቸር፣ የፋሺስት መፈክር አይደል እንዴ? እሰይ፣ እንኳን ጠፋ!" አለ። ክፍሉ አጨበጨበለት።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልስለት አላገኘሁም። የክበቡ ዓመት የጀመረው ያን ቀን ነው እላለሁ።

መልስ ፍለጋ ከአገር ወጣን፣ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ያነበብነው ስለ ኦሽዊትዝ ነበር። ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ በሠሩት በዚያ ካምፕ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ተገድሏል፤ አብዛኞቹ አይሁዶች ናቸው። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የኛ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ከተመዘገቡ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ላሊበላ የተመዘገበው ውብ ስለሆነ ነው። ኦሽዊትዝ ውስጥ ግን የሚያምር ነገር የለም። አጥሩ፣ ግንቡ፣ የመግቢያው በር ሁሉም የገዳዮቹ ሥራ ነው። ለማክበር ብሎ ያቆየው የለም፤ ለማስረጃ ነው የቆየው። ይህን ስንነጋገር ያ ልጅ ዝም አለ። ግን አልተረታም፤ ፊቱን አውቀዋለሁ።

ሂሮሺማ ላይ ተመልሶ ተነሳ። አቶሚክ ቦምቡ የፈነዳው ከአንድ ጉልላት ካለው አዳራሽ 160 ሜትር ያህል ርቆ ነው፣ አናቱ ላይ ማለት ይቻላል። ውስጡ የነበሩት ሁሉ አለቁ፤ የጉልላቱ አጥንት ግን ቆሞ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ከራሳቸው ከከተማዋ ሰዎች ብዙዎቹ "ባየነው ቁጥር ያመናል፣ ይፍረስልን" ይሉ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት እንዲጠበቅ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። "አያችሁ! የተጎዱትም እኮ ይፍረስ ብለዋል" አለ ልጁ። ልክ ነው፣ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ቅርስ ሲሆን ደግሞ አሜሪካና ቻይና ቅር ተሰኝተዋል። አሜሪካ ከቦምቡ በፊት የነበረው ታሪክ ተለይቶ ቀረ አለች። ቻይና በበኩሏ ጃፓን በወረራዋ በጎረቤቶቿ ላይ ያደረሰችው እንዳይድበሰበስ ሰጋች። አንድ የፈረሰ ቤት፣ ሦስት ዓይነት ሐዘን።

ዋርሶ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ልጆቹ ግን ወደዱት። ናዚዎች ያወደሙትን አሮጌ ከተማ ፖላንዶች የድሮ ሥዕሎችን ሳይቀር እያዩ መልሰው ገነቡት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 መዘገበው። "እንደገና የተሠራ ነገር ቅርስ ይባላል?" የሚለው ጥያቄ አንድ ክፍለ ጊዜ በላብን። ከኦሽዊትዝ በኋላ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ተመሳሳይ ቦታዎችን ላለማብዛት መወሰኑን የሰሙት ልጆች ደግሞ "ስቃይ በኮታ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የነሱ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይና ቤልጂየም የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መቃብሮችና መታሰቢያዎች ይዘው ሲቀርቡ እ.ኤ.አ. በ2018 ውሳኔው እንዲዘገይ ተደርጓል። ምክንያቱም የቅርብ ጦርነት ቦታ የአንዱን እንባ ሲጠብቅ የሌላውን ቁስል ሊነካ ይችላል። በመጨረሻ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በሩ ተከፈተ። የነዚያ አገሮች 139 ቦታዎች ተመዘገቡ። ከሩዋንዳ የዘር ማጥፋት መታሰቢያዎችም አራቱ፣ ኛማታ፣ ሙራምቢ፣ ጊሶዚና ቢሴሴሮ፣ አብረው ገቡ። በዚያው ስብሰባ የኛ ባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድርም ተመዝግበዋል። ልጆቹ የኛን ሁለቱን በዜና ሰምተው ነበር። የሩዋንዳን ግን አንዳቸውም አልሰሙም።

የኖርማንዲ የባህር ዳርቻም ነበረብን። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ወታደሮች ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ከባህር የወረዱባቸው አምስት ዳርቻዎች ናቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2014 በዕጩ ዝርዝር አስገብታቸዋለች። እዚያ ጠላቱ ባህሩ ራሱ ነው፤ በውሃው ውስጥ የቀሩትን የኮንክሪት ወደብ ቅሪቶች በየዓመቱ ይበላቸዋል። ባህር አይታ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ "ታዲያ ማዕበሉን ማን ይከለክለዋል?" አለች። እኔም እንጃ።

እስከ ጥር እንዲህ ከረምን። የካቲት 12 እና የካቲት 23 እንደ ሁልጊዜው ታስበው ዋሉ፤ የሰልፍ ንግግር፣ ግጥም፣ መዝሙር። የዓመቱ ትልቅ ነገር የመጣው ግን ከአንድ የሒሳብ ጎበዝ ነው። ሚያዝያ 27 የድል ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት። ልጁ ደግሞ ጅማ ነጻ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 መሆኑን አንብቧል። ሰሌዳው ላይ ቆጥሮ "47 ቀን!" አለ። አዲስ አበባ ስትጨፍር ጅማ 47 ቀን ሙሉ በጣሊያን እጅ ነበረች። ጣሊያኖች ደቡብ ምዕራቡን ይገዙ የነበረው ከዚሁ ከጅማ ነው። ገዢው ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ አምባ አላጌ ላይ አለቃው እጁን ከሰጠ በኋላም አልሰጥም ብሎ ነበር።

"47 ቀን ምን ይጠብቁ ነበር?" የሚለው ጥያቄ ነው ጊቤ ድረስ የወሰደን።

ወላጆች አዋጥተው አንድ ሚኒባስ ተከራየን። ሰኮሩ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታ አንዲት ልጅ ደብተሯን አወጣች። "ቲቸር፣ ጎሚስታ ራሱ የጣሊያን ቃል ነው አይደል?" ነው። ከዚያ ፉክክር ሆነ። ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ላቫጆ፣ ፎርኖ። ጎሚስታው ቀና ብሎ "መርካቶንስ?" አለ። ለነገሩ ሄርማታ መርካቶ እያልን እየኖርን እንዴት እንደረሳነው! ግድግዳው ላይ ያጠፋነው ጽሑፍ አፋችን ውስጥ ተቀምጧል። ወዶ የተቀበለው የለም፣ ግን ማንም አልፋቀውም። ያ የ11ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁን እንደ ግማሽ ድል ቆጥሬዋለሁ።

ጊቤ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ምጣድ። ከመኪናው ወርደን አፋፉ ላይ ቆምን። በግንቦት 1933 መጨረሻ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጣሊያኖች በወዲያኛው ገደል ላይ መድፍ ጠምደዋል። ከወዲህ ወንዙን ለመሻገር የመጡት ግን እነማን እንደነበሩ ከልጆቹ አንዱም አልገመተም። ናይጄሪያውያን ነበሩ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆችም ነበሩ፤ የእንግሊዝን መለዮ ለብሰው። ጅማ ዙሪያ ደግሞ የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች ነበሩ፣ እነሱ አምስቱን ዓመት ሙሉ ያላረፉ ናቸው። ጋዜራ በሰኔ መጨረሻ በደምቢ ዶሎ በኩል በመጨረሻ እጁን የሰጠው ደግሞ ከቤልጂየም ኮንጎ ለመጣ ጦር ነው፤ ወታደሮቹ ኮንጎዎች። የገዛ አገራቸው ነጻ ያልወጣ ሰዎች ናቸው እኛን ነጻ ለማውጣት ጊቤ ውሃ ውስጥ የገቡት። እኔ የዓለም ቅርስ የሚለው ቃል የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ነው። ሌጎስ ውስጥ አያቱ ከዚህ ያልተመለሰለት ሰው ይኖራል።

ልጆቹ ምሽግ ፈለጉ፣ ጥይት ፈለጉ፣ ቢያንስ አንድ ሰሌዳ ፈለጉ። ያገኘነው የጭነት መኪና፣ አቧራና ፍየል ነው። በቆምንበት ሁሉ እዚህ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አላየንም። የ9ኛ ክፍሏ ልጅ "ቲቸር፣ እዚህ ምንም የለም" አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆየችና "ኖራ የተቀባ ይመስላል" አለች። እኔ አላስተማርኳትም።

ስንመለስ ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛው መዝገብ ነው። የጣሊያን ዘመን ቤቶችንና ከአዛውንቶች የሰማነውን አንድ ትልቅ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ከያንዳንዱ ጋር ፎቶ። እስከ አሁን 19 ቤት ገብቷል። አንድ አዛውንት በኦሮምኛ ያወሩልንን ሦስት ልጆች ተከፋፍለው ጽፈው፣ አስተርጉመው፣ መልሰው አንብበውላቸዋል። አዛውንቱ ሁለት ቦታ አርመውታል። ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚለውን አንብበን፣ ቢያንስ አንድ ሰሌዳ ይተከል ብለን ለሚመለከተው ቢሮ ጻፍን። ማመልከቻው ገቢ ተደርጓል፣ ማህተምም አለው። መልሱ እስከ አሁን "ነገ ተመለሱ" ነው። አራት ጊዜ ተመልሰናል።

ግድግዳውንስ? አንድ የሚያውቅ ሰው አማከርኩ። "በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኩት፣ ከኖራው ጋር ፊደሉም ይፋቃል። ተዉት" አለኝ። ተውነው።

ሰኔ 14ን አስበን ለመዋል አቅደን ነበር። ፈተና ሰሞን ስለሆነ 11 ልጅ ብቻ መጣ። ሻማ ልናበራ ስንል ዝናቡ ወረደ። የጅማ ሰኔ ነው፣ ምን ይደረጋል። እማማ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልን። ያ የ11ኛ ክፍል ልጅ ቀና ብሎ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ኖራው እየታጠበ በነጭ ጅረት ግድግዳውን ይወርዳል። ከመስኮቱ በላይ አንድ ጥቁር ፊደል ወጥቷል፣ ከጎኑ ደግሞ የሌላኛው ግማሽ። ማንም ምንም ሳይለው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳውና "20ኛ ቁጥር ልበለው?" አለኝ።

እማማ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። እሳቸውም ግድግዳውን አዩት፣ ከዚያ እኛን አዩን።

"ጨው ብያችሁ ነበር እኮ" አሉ። "በሉ እንግዲህ ቤቴን አዥጎርጉራችሁታል፤ መቼ መጥታችሁ ነው ደህና አድርጋችሁ የምትቀቡልኝ?"