ወደ አንኮር ከመሄዳችን በፊት

ውድ የጉዞ ቡድናችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ካምቦዲያ ውስጥ ሲየም ሪፕ ከተማ በገባን ማግስት ከአስጎብኚያችን ጋር ወደ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ወደ አንኮር ዋት እንሄዳለን። መነሻችን ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ የሆቴሉ ሰዓት 4:30 ይላል።

ቤተ መቅደሱን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው የክመሮች (የካምቦዲያ ሕዝብ) ንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን ነው። መጀመሪያ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ታነጸ፤ ኋላ የቡድሂስቶች ሆነ። ዛሬም ይጸለይበታል። ስለዚህ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግድ ነው። ነጠላ ጣል አድርጌ እገባለሁ የምትሉ እህቶች፣ ላይኛው ክፍል በር ላይ ይመልሷችኋል።

ብዙ ጎብኚ የፀሐይ መውጫዋን ፎቶ አንስቶ ወደ ቁርስ ይሮጣል። እኛ እንቆያለን። በምሥራቁ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ አማልክትና አጋንንት አንድ ግዙፍ እባብ እንደ ገመድ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ የወተት ባሕር ሲንጡ ተቀርጿል። ጠጋ ብላችሁ ከሥራቸው እዩ፤ ዓሣውና አዞው በንጠቱ ተቆራርጧል። በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው።

ከሰዓት ባዮንና ታ ፕሮም የሚባሉ ሌሎች ቤተ መቅደሶች አሉ። ሁለቱንም ያሠራው ንጉሥ ሰባተኛው ጃያቫርማን ነው።

ጾመኞች ቀድማችሁ ንገሩኝ። የክመር ምግብ ውስጥ ፕራሆክ የሚባል የተብላላ ዓሣ ወይም የዓሣ ሶስ አይጠፋም፤ አትክልት ነው በተባለውም ውስጥ። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር አውቶብስ ውስጥ እንጨርሰዋለን።

መግቢያ ቲኬቱ ላይ የያዡ ፎቶ ስለሚታተም ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የፓስፖርታችሁን ቅጂ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።