ከገና በፊት በገፍ ስለሚመጣው የጤና ፖስታ

ሰላም የፖስታ ሠራተኞች ማኅበራችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። በመሀል ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ለትምህርት ቤቱና ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚበተነው የጤና ፖስታም (የጤና መልእክት የያዘው ማለቴ ነው) በዚሁ ሰሞን በጆንያ ከመጣ ዝም ብለን መቀበል የለብንም።

ሥራውን ጠልተን አይደለም። የወባም ሆነ የክትባት መልእክት በጊዜው መድረስ አለበት። ግን እኛ አገር ፖስታ በአብዛኛው የሚገባው ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ አንድ በአንድ በእጁ ይከታል፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ ወይም «ጅማ» ብቻ ከተባለበት ደግሞ መዝገብ ማገላበጥ ነው፣ ያውም ከውጭ ጥቅል የተላከለት ሰው መስኮቱ ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ። በዋዜማው ወገባቸውን ይዘው ሲለዩ የሚያመሹ እናቶች አሉን። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የማያስቸኩለው ከጥምቀት በኋላ ይላክ። የሚያስቸኩለው በሳጥን ቁጥር ተለይቶ፣ ታስሮ ይምጣ። ሳጥን ለሌለው ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ በእነሱ በኩል ቢሆን ይሻላል (እነሱም ጫና አለባቸውና አስቀድሞ ይነገራቸው)። ለኢድና ለዓረፋም እንደዚሁ።

ይህን የምንጠይቅበት ደብዳቤ ተረቅቋል። ሐሙስ ከሥራ በኋላ አንብባችሁ ፈርሙ፣ የሚጨመር ካለ ከዚያ በፊት ንገሩኝ።