ካሎሪስ የእሳተ ገሞራ አፍ አይደለም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ በሜርኩሪ ፎቶግራፍ ሥር ካሎሪስን «ግዙፍ የእሳተ ገሞራ አፍ» ብላችሁታል። ስሕተት ነው። ካሎሪስ ከ3.8 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከጠፈር የመጣ አለት ወድቆ የከፈተው ጉድጓድ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 1,550 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሰውን የሚያሳስተው ወለሉ ይመስለኛል፤ ከግጭቱ በኋላ ከሥር የወጣ ቅልጥ አለት ሞልቶት ስለረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኗል። መሐሉን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ደግሞ ከአንድ ቦታ ተነሥተው እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው የተበተኑ ረጃጅም ስንጥቆች ይታያሉ። ማሪነር 10 የተባለው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1974 በሜርኩሪ አጠገብ ሲያልፍ ይህ ክፍል በጨለማ ተውጦ ስለነበር ማንም አላየውም። ሌላው መንኮራኩር ሜሴንጀር በ2008 ደርሶ ሙሉውን እስኪያሳየን 34 ዓመት ጠብቀናል! እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በፕላኔቷ ተቃራኒ ገጽ ያለው የተፈረካከሰ ምድር ነው። የግጭቱ ንዝረት ሜርኩሪን አቋርጦና ዞሮ እዚያ ሲገናኝ እንደሰባበረው ብዙ ተመራማሪዎች ሲገምቱ ቆይተዋል። ያን የመሰለ ፎቶግራፍ አትማችሁ መግለጫው እንዲህ መሳሳቱ አሳዝኖኛል። በሚቀጥለው እትም አርማችሁ እንድታወጡት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ