ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ የታሰርኩባቸውን ሰባት ዓመታት መዝግቡልኝ

ለኢፌዴሪ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በደርግ ዘመን ያለ ፍርድ ለታሰሩ ሰዎች የእስር ማረጋገጫ እንዲሰጥ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ ፋይሌን የያዘችው ወጣት ሠራተኛ ወረቀቶቹን አገላብጣ «አባባ፣ ከ1970 እስከ 1977 የት ነበሩ?» አለችኝ። «እስር ቤት» አልኳት። «ማስረጃ አለዎት?» ክፋት አልነበረባትም፤ ፎርሙ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችኝ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ላሳያት አሰብኩና ተውኩት።

ማስረጃ የለኝም። የመያዣ ትእዛዝ አላሳዩኝም፣ ክስ አልተመሠረተብኝም፣ ፍርድ ቤት አልቆምኩም። ሲለቁኝም «ሂድ» ነው ያሉኝ እንጂ ወረቀት አልሰጡኝም። መምህር ነበርኩ። ኅዳር 1970 ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ፤ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ከቀበሌ በላይ ያለው አስተዳደር ማለትም ከፍተኛ፣ በመጨረሻ ከርቸሌ። ወፌ ላላ የተገረፍኩት ከፍተኛው ውስጥ ነው። ውስጥ እግሬ ዛሬም ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ከልኬ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ካልሆነ አልራመድም።

ከግርፋቱ ይልቅ ግን የማይለቀኝ የስንቅ ሰዓት ነው። እናቶች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ዘበኛው ስም ይጠራል። የአንዷን ሳህን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ» ካላት፣ ልጇ ሌሊቱን ተወስዷል ማለት ነው። እናቴ ያን ቃል አልሰማችም። በሄደች ቁጥር ግን ዛሬ ይሉኝ ይሆን እያለች ነው የተሰለፈችው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ።

ስፈታ ሥራ ለመቀጠር ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን የሚጽፉት ያሰሩኝ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። ከርቸሌ ውስጥ በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈ ሒሳብ ያስተምረን የነበረው ጓደኛዬ ግን ደብዳቤውን ሳያገኝ ቀረ። ድንጋይ ሲያወርድ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ዕድሜው አለቀ። ወርኃዊ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገሉ መሆን አለበት፤ እሱ አንድም የተመዘገበለት ዓመት የለም። አሁን በልጁ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ለመድኃኒት መግዣ ልጁን መጠየቅ እያፈረ ሕመሙን ይደብቃል።

ለሞቱት መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሞላቸዋል፤ ይገባቸዋል። እዚያ ጎብኚ ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ አሉ። እኔ የነበርኩበት ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የምንለው፣ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ተሠርቶበታል። ለልጅ ልጆቼ «እዚህ ነበርኩ» ብዬ የማሳየው ግድግዳ እንኳ የለም።

ሰነድ ግን አለ። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በዐዋጅ ቁጥር 22/1984 ሲቋቋም፣ አጥፊዎቹን ከመክሰስ ሌላ የተፈጸመውን ለታሪክ መዝግቦ የማቆየት ኃላፊነትም ተሰጥቶት ነበር። ደርግ ግፉን ሁሉ በደብዳቤ፣ በፊርማና በማኅተም ይሠራ ስለነበር ብዙ ወረቀት ትቶ ሄደ። የደርግ ባለሥልጣናት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲባሉ እነዚያ ወረቀቶች ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። እነሱን ለማስቀጣት የበቃ ሰነድ፣ እኛ መታሰራችንን ለማስረዳት እንዴት ያንሳል?

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ባጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ውስጥ እውነትን ማፈላለግም ማካካሻም ተጽፏል። ሳነበው በእውነት ደስ ብሎኛል። ያሳሰበኝ ጊዜው ነው። ቺሊዎች ወታደራዊ አገዛዛቸው ካበቃ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በጳጳስ ሰርጂዮ ቫሌች የተመራ ኮሚሽን አቋቁመው የእስረኞቻቸውን ቃል አንድ በአንድ ተቀበሉ። ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች በስማቸው ታወቀላቸው፤ ጡረታም ተቆረጠላቸው። ደርግ ከወደቀ እኮ ከ30 ዓመት በላይ ሆነ።

ስለዚህ ክቡር ሚኒስትር፣ እነዚያ ሰነዶች ተከፍተው የታሰረው ሰው ስም ይፈለግልን። ስሙ የተገኘ ሰው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለ ፍርድ ታስሮ እንደነበር የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው። ስሙ ያልተገኘ ደግሞ አብረውት የታሰሩ የሁለት ሰዎች ቃል ይበቃው፤ ከፍተኛና ቀበሌ የታሰረው ብዙው ሰው መዝገብ አልነበረውምና። የእስር ዓመታቱ ለጡረታ ይታሰቡ። በግርፋት ለተጎዳ ሰው በመንግሥት ሆስፒታል ነጻ ሕክምና ይፈቀድ።

የአንድ ክፍል እስረኞች የነበርን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እንገናኛለን። ስንጀምር 14 ነበርን፤ አሁን አምስት ቀርተናል። አንዳችን ለአንዳችን ምስክር መሆን የምንችለው እኛው አምስታችን ነን። በጠራችሁን ቀን እንመጣለን። ሁለቱ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ግን ቃላችንን የምትቀበሉበት ቢሮ ምድር ላይ ቢሆንልን።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የቀድሞ የፖለቲካ እስረኛ
አዲስ አበባ