የወደቡ ጠረጋ ሂሳብ ተከፈለ፤ የሹፌሮቹስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሜሪላንድ ውስጥ ኮንቴነር በመጎተት የምተዳደር ሹፌር ነኝ። እንጀራዬ ከባልቲሞር ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። የወደቡ መውጫ ላይ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ እንደ ሌሎቹ የአማርኛ ሚዲያዎች እናንተም ዘግባችኋል። ድልድዩ ሲፈርስ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተረሳ። ወደቡን የዘጋው ያ ሁሉ ብረትና ያ ግዙፍ መርከብ እንዴት ተነሳ? ማን አነሳው? ሂሳቡንስ ማን ከፈለ? ይህን በአማርኛ ፈልጌ አጣሁ።

ዝምታው ደግሞ ወሬ ወለደ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ስንቀመጥ “መንግሥት በእኛ ታክስ ጠረገላቸው፤ ባለመርከቦቹ ዞር ብለውም አላዩ” ሲባል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ለጠረጋው ከፍለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ነው። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ተኩል ገደማ። ዳሊ የምትባለው 300 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ ወደ ስሪላንካ ጉዞ ጀምራ ነበር። ኃይል ተቋረጠባት፤ አቅጣጫዋን መቆጣጠር አልተቻለም፤ የድልድዩን ምሰሶ መታች። ድልድዩ ላይ 8 ሠራተኞች የአስፋልት ጉድጓድ ይደፍኑ ነበር። 6ቱ ሞቱ። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከኤልሳልቫዶርና ከሆንዱራስ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሌሊት የሚሠራ ስደተኛ እኔም ነኝ። ዛሬ ስለ ገንዘብ ስጽፍ እነሱን ረስቼ አይደለም።

በማግስቱ ወደቡ ፀጥ አለ። የባልቲሞር ወደብ ዋናዎቹ ተርሚናሎች ያሉት ከድልድዩ ወዲህ ነው። መውጫው ሲዘጋ ውስጥ ያለው መርከብ አይወጣም፣ ውጭ ያለው አይገባም። ኮንቴነሮቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው የኖርፎክ ወደብና ወደ ኒው ዮርክ ዞሩ። እኔ ድሮ በቀን ሁለትና ሦስት ሎድ እሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ኖርፎክ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ዲዝሉ ደግሞ ከኪሴ ነው። ነዳጅ የሚጭን ጓደኛዬ የባሰ ነበር። አደገኛ ጭነት በወደቡ ሥር ባሉት ቶነሎች ማለፍ ክልክል ነው፤ ድልድዩ ነበር መንገዱ። ከተማውን በሌላኛው በኩል እየዞረ ነው የከረመው።

ሥራ ያገኝልኝ የነበረ አንድ ድርጅት በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ማንሳት ተወ። የትራኩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ያተረፈኝ ዕቁባችን ነው። ተራዬ ገና ሩቅ ነበር። ዳኛችን አባላቱን ሰብስበው “ይሄ ልጅ ትራኩን ከሚቀማ ዕጣውን ለሱ እንስጠው” አሉ። አንድም ሰው አልተቃወመም። እግዜር ይስጣቸው። በዚያ ወር የደረሰልኝ ገንዘብ ያቺ ዕቁብ ብቻ ናት።

በነዚያ ሳምንታት ሥራ ስላልነበረኝ ጠረጋውን በደንብ ተከታተልኩ። አንዳንድ ቀን ፎርት መክሄንሪ ካለው መናፈሻ ቆሜ ክሬኖቹን አያለሁ። የሚያስገርም ሥራ ነው። ወንዙ ውስጥ 50 ሺህ ቶን ያህል ብረትና ኮንክሪት ወድቋል። ጠላቂዎቹ የሚገቡበት ውሃ ጭቃማ ስለሆነ ከክንድ ርቀት በላይ አያሳይም። በድምፅ ሞገድ የተነሳ ምስል እየተመሩ ነው የሚዳስሱት። ብረቱ ደግሞ ዝም ብሎ የተከመረ አይደለም። እንደ ተጠመዘዘ ሽቦ ተወጥሮ ነው የተቀመጠው። ያለቦታው ከተቆረጠ ተስፈንጥሮ ቆራጩን ይገድላል። ስለዚህ የቱ ቁራጭ የቱን እንደተሸከመ ሳይታወቅ የሚነካ የለም። 1 ሺህ ቶን ድረስ የሚያነሳ ክሬን መጥቶ ነበር። ቁራጩ ተለክቶ፣ ታስሮ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። የሞቱት ሰዎች ፍለጋም አብሮ ነበር። ስድስተኛው የተገኘው ሜይ 7 ነው። ቤተሰቦቹ ስድስት ሳምንት ጠብቀዋል።

ሥራውን የተካፈሉት ብዙ ናቸው። የባህር ጠረፍ ጠባቂው ያስተባብራል። የመርከብ መተላለፊያውን የማጽዳት ሥራ የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ ነው። የባህር ኃይሉ ክሬንና ባለሙያ ያቀርባል። መርከቧን የማላቀቁን ሥራ ደግሞ ባለቤቶቿ የቀጠሯቸው ባለሙያዎች ይዘውታል። አፍንጫዋ ላይ የተጋደመውን የድልድይ አካል ሜይ 13 በፈንጂ ቆራረጡት። 21 መርከበኞች ያኔም እዚያው ውስጥ ነበሩ። እነሱንም ሳስብ አዝን ነበር፤ ከአገራቸው ርቀው እዚያ ታግተው ከርመዋል። በሳምንቱ፣ ሜይ 20፣ መርከቧ ተጎትታ ወደብ ገባች። ጁን 10 መተላለፊያው እንደ ቀድሞው ሆነ፤ 213 ሜትር ስፋት፣ 15 ሜትር ጥልቀት። ከዚያ በፊትም ዝም ብለው አልጠበቁም። በጎን በኩል ትንንሽ መተላለፊያ እየከፈቱ፣ መጀመሪያ ጀልባ፣ በኋላ ትልልቅ መርከብ አሳልፈዋል። ባለሥልጣናቱን ሳመሰግን አላፍርም። 11 ሳምንት ነው የፈጀው።

ይህ ፍጥነት ከየት መጣ? ከሕግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣ የወንዞችና የወደቦች ሕግ አላት። ሐሳቡ ቀላል ነው። መርከብህ መተላለፊያ ውስጥ ከሰመጠ ወዲያው ቀን ምልክት፣ ሌሊት መብራት አድርግበት፤ ማንሳትም ጀምር። ካልጀመርክ መንግሥት ያነሳዋል። አጣዳፊ ከሆነ የሚሰጥህ ጊዜ 24 ሰዓት ነው። ክርክሩ ይቆያል፤ መንገዱ ግን አይቆይም።

ሂሳቡን ባለቤቱ ይክፈል የሚለው ግን እንዲህ ግልጽ አልነበረም። ድሮ ባለመርከቡ “ጥዬዋለሁ፣ ውሰዱት” ብሎ ዞር ይል ነበር። መንግሥት ስብርባሪውን ሸጦ ያገኘውን ያገኛል፤ የቀረው ኪሳራ የሕዝብ ነው። ነገሩን የቀየረችው አንዲት ባርጅ ናት፤ ሞተር የሌለው የጭነት ጀልባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ፣ ሉዊዚያና ቪዳሊያ አጠገብ ሰመጠች። የጫነችው 1 ሺህ ቶን ገደማ ፈሳሽ ክሎሪን ነበር። ጋዙ ቢያፈተልክ በአካባቢው ያለው ሕዝብ ያልቃል። መንግሥት 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ አነሳት። ከዚያ ባለቤቶቹን ከሰሰ። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በቸልተኝነት መርከብ ያሰመጠ የማንሻውን ወጪ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ፈረደ። በ1986 ደግሞ ሕጉ ራሱ ተሻሻለ፤ ወጪው በባለቤቱ ላይ እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ።

ዳሊን ያስከፈላት ይህ ታሪክ ነው። ሁለቱ የሲንጋፖር ኩባንያዎች፣ ባለቤቷና አስተዳዳሪዋ፣ ገና ድልድዩ በወደቀ በሳምንቱ ፍርድ ቤት ገብተው ኃላፊነታችን ከ44 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ብለው ጠየቁ። ለዚህ የተጠቀሙበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1851 የወጣ ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ከሰሳቸው። ኦክቶበር ላይ ወደ 102 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ይህ ለድልድዩ ማሠሪያ አይደለም። ለጠረጋውና መንግሥት ለአደጋው ላወጣው ወጪ ነው። እንግዲህ ቡና ላይ የሚባለው ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች በ2021 ስዊዝ ቦይን ለ6 ቀን የዘጋችውን ኤቨር ጊቭንን ታስታውሱ ይሆናል። ግብፆች ካሣው እስኪስማሙበት ድረስ መርከቧን እስከ ጁላይ ይዘው አቆይተዋታል። የየአገሩ መንገድ ይለያያል፤ መንግሥት ግን ሂሳቡን የሚጠይቅበት አያጣም።

እኔስ? የኔን ሂሳብ ማን ይጠይቅልኛል?

አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። በትህትና አስረዱኝ። “ትራክህ ተሰበረ?” አይ። “ጭነትህ ሰመጠ?” አይ። “እንግዲያው የቀረብህ ገቢ ብቻ ነው” አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በባህር ሕግ የቆየ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ንብረቱ ካልተነካ በስተቀር፣ ሥራና ገቢ የቀረበት ሰው ካሣ ማግኘቱ በጣም ከባድ ነው። መርከቧ ወንዙን ነካች፣ ድልድዩን ነካች። እኔን አልነካችኝም ማለት ነው። ኖርፎክ መንገድ ላይ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ሳስብ ይህ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር ክፍለ ግዛቱ ለወደብ ሠራተኞችና ለትንንሽ ንግዶች ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ በኤፕሪል አውጥቷል። የተጠቀሙ ባልደረቦች አሉኝ። የፌዴራል መንግሥቱም ብድር ከፍቶ ነበር። ብድር ግን ብድር ነው። ያጣሁትን ገንዘብ ከወለድ ጋር ልክፈል?

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ቀኑ ነው። በዳሊ ጉዳይ ካሣ አለን የሚሉ ሁሉ ጥያቄያቸውን ለፍርድ ቤት የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2024። እኔ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። የ1927ቱ ውሳኔ እያለም ንግዳቸው የተጎዳባቸው ሌሎች ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ይከራከራሉ። ምናልባት ይሸነፋሉ። ግን ስማቸው መዝገቡ ላይ አለ። የኔ የለም። ዕቁባችን ውስጥ ካሉት አራት ሹፌሮች ያንን ቀን የሰማ አንድም አልነበረም። አራታችንም የናንተን ገጽ በየቀኑ እናነባለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንዱ ለሜሪላንድ ተወካዮቻችን ነው፤ ኮንግረስ ውስጥ ላሉት። መንግሥት የተዘጋ መተላለፊያ ጠርጎ ባለመርከቡን ሲያስከፍል፣ መተላለፊያው በተዘጋበት ጊዜ ሥራ የቆመባቸው የወደብ ሠራተኞችና ሹፌሮች ያጡት ገቢም እዚያው ሂሳብ ውስጥ ይግባ። የቀን ገቢያችን በወረቀት ያለ ነው፤ ታክስ የከፈልንበት ነው። ለማስላት አያስቸግርም። ድምፅ የምትሰጡ አንባቢዎችም ለተወካዮቻችሁ ስትደውሉ ይህን አንሱላቸው።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ቪዲዮው ይታይ፤ አልቃወምም። ግን የካሣ ማመልከቻ ቀን፣ የድጋፍ ፕሮግራም መዝጊያ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ምን እንደወሰነ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ ጻፉት። የዋሽንግተን አካባቢ ሹፌር ምን ያህሉ ሐበሻ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ፍርድ ቤት የሚያወጣውን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ የሕግ ጋዜጣ ላይ ፈልጎ የሚያነብ ከመካከላችን ስንት ነው?

ስለ ዳሊ የሰበሰብኳቸውን ወረቀቶች በፋይል አስቀምጫለሁ። ክሱ አለ፣ የስምምነቱ መግለጫ አለ፣ የቀኑ ማስታወቂያም አለ፤ ዘግይቼ ባገኘውም። መጻፍ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ይዤላችሁ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮንቴነር ሹፌር
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ