በስልክና በኮምፒውተር ስለሚታየው የድረ ገጻችን ገጽታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የስልክና የኮምፒውተር ገጽታን ስለመቀያየር

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በድረ ገጻችን ትዕዛዝ የምትሰጡና ሂሳባችሁን የምትከታተሉ ደንበኞቻችን በስልክ ስትገቡ የሚመጣላችሁ ገጽ በኮምፒውተር ከምታውቁት የተለየ መሆኑን ደጋግማችሁ ስላነሳችሁልን፣ አንዳንዶቻችሁም ከሂሳብ መግለጫችሁ የጎደለ ነገር ያለ መስሏችሁ ስለጠየቃችሁን፣ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣና የፈለጋችሁትን ገጽታ እንዴት እንደምትመርጡ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። ከሁሉ አስቀድመን የምናረጋግጥላችሁ በሁለቱም ገጽታዎች የምታዩት አንድ አካውንትና አንድ መዝገብ መሆኑን ነው። በስልክ የሰጣችሁት ትዕዛዝ በኮምፒውተርም ይገኛል፤ በአንዱ ያስተካከላችሁት መረጃ በሌላውም እንደተስተካከለ ይቆያል።

ሁለት ገጽታ ያስፈለገው የስክሪን ስፋት ስለሚለያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ ሳፋሪ የተባለው ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም) ለኮምፒውተር የተሠሩ ገጾችን በ980 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስፋት ከዘረጋ በኋላ በትንሹ ስክሪን ልክ ያሳንሳቸው ነበር፤ በመሆኑም ተጠቃሚው ለማንበብ በጣቶቹ እያጎላ ገጹን ወዲያና ወዲህ መግፋት ነበረበት። ለስልክ ብቻ የሚሆን ሌላ ድረ ገጽ በሌላ አድራሻ የከፈቱ ብዙ ድርጅቶችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤታን ማርኮት የተባለው የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ አንድ ገጽ በሚከፈትበት ስክሪን ስፋት ልክ ራሱን የሚያስተካክልበትን አሠራር ካስተዋወቀ ወዲህ ግን በሁሉም መሣሪያ በአንድ አድራሻ መሥራት እየተለመደ መጥቷል፤ የእኛም ድረ ገጽ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገጹን ስትከፍቱ ሰርቨራችን፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ብራውዘራችሁ ስለራሱ የሚልከውን አጭር መግለጫ አንብቦ መነሻ ገጽታ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ነው።

ጎደለ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሂሳብ መግለጫው ላይ ነው። በኮምፒውተር ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የተከፈለውና ቀሪው ሂሳብ ጎን ለጎን በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ይታያሉ። ይህን ሰንጠረዥ እንዳለ ወደ ስልክ ብናመጣው ፊደሉ ስለሚደቅ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስለዚህ በስልክ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ለብቻው በሳጥን ይቀመጥና ቀኑና ቀሪው ሂሳብ ብቻ ከላይ ይታያሉ። የቀረው ዝርዝር የሚወጣው በሳጥኑ ጥግ ያለችውን ቀስት ስትነኩ ነው። አንድ ትዕዛዝ ለማየት ይህ አቀራረብ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ የበርካታ ወራትን ክፍያ ለማነጻጸር ግን ሰፊው ሰንጠረዥ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ምርጫው በእናንተ እጅ እንዲሆን የምንፈልገውም ለዚህ ነው።

በስልክ ሆናችሁ የኮምፒውተሩን ገጽታ ለማየት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የእኛው ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «የኮምፒውተር ገጽታ» የሚለውን ስትነኩ ሰፊው ገጽ ይከፈታል፣ በዚያው ቦታም «የስልክ ገጽታ» የሚል መመለሻ ይተካል። ሁለተኛው የብራውዘሩ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ዴስክቶፕ ሳይት» በሚለው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ፋየርፎክስም በሜኑው ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። በአይፎን ሳፋሪ ደግሞ ከአድራሻው ጎን ያለውን የገጽ ሜኑ ከፍታችሁ «ሪኩዌስት ዴስክቶፕ ዌብሳይት» የሚለውን ትመርጣላችሁ።

ከደንበኞቻችን ብዙዎቹን ግራ የሚያጋባው እነዚህ ሁለት መንገዶች በአንድነት ሲሠሩ ነው። የእኛ ግርጌ ላይ ያለው ምርጫ ኩኪ በምትባል ትንሽ ፋይል በብራውዘራችሁ ውስጥ ይቀመጣል። የብራውዘሩ ምርጫ ግን ከእኛ ኩኪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ብራውዘሩ ራሱን እንደ ኮምፒውተር እንዲያስተዋውቅና ገጹን በሰፊው እንዲዘረጋ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ሁለቱንም አብርቶ አንዱን ብቻ ያጠፋ ሰው ገጹ አልመለስ ሲለው ድረ ገጹ የተበላሸ ይመስለዋል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ በመጀመሪያ የብራውዘሩን ምልክት አንሱ፣ ቀጥሎ በገጹ ግርጌ «የስልክ ገጽታ» የሚለውን ንኩ። ለወትሮው የእኛን ምርጫ ብቻ ብትጠቀሙ ይመረጣል። ኩኪዎችን ካጸዳችሁ ወይም በግል መስኮት ከገባችሁ ግን ምርጫችሁ ስለማይቆይ እንደገና መምረጥ ይኖርባችኋል።

ከቴሌግራም ወይም ከሌላ መተግበሪያ የእኛን ሊንክ ስትነኩ ገጹ በዚያው መተግበሪያ ውስጥ ሊከፈት ይችላል። ይህ የውስጥ መስኮት በክሮም ወይም በሳፋሪ ያስቀመጣችሁትን ኩኪ ላያገኝ ስለሚችል የመረጣችሁት ገጽታ አይመጣም፣ የይለፍ ቃልም እንደገና ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከሜኑው በብራውዘር እንዲከፈት ብታደርጉት ችግሩ ይወገዳል።

በኮምፒውተር እየሠራችሁ ድንገት የስልኩ ገጽታ የሚመጣባችሁም አላችሁ። ድረ ገጻችን ሰፊውን ገጽታ የሚያሳየው የመስኮቱ ስፋት ከ768 ፒክስል ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ መስኮቱን ከሌላ መስኮት ጎን አጥብባችሁ ስታስቀምጡ ገጹ ወደ ስልክ ገጽታ ይለወጣል። ማጉላትም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ 1280 ፒክስል ስፋት ያለው መስኮት ወደ 200 በመቶ ሲጎላ ለገጹ የሚተርፈው 640 ብቻ ነው። ይህን ሆን ብለን ትተነዋል፤ ዓይናቸው የደከመ ደንበኞቻችን ፊደሉን አጉልተው ሲያነቡ መስመሩ ከስክሪኑ ውጭ እንዳያልፍባቸው የሚጠብቀው ይኸው አሠራር ነው። ወደ ሰፊው ለመመለስ የሚሻ ሰው መስኮቱን ያስፋ፣ ወይም ኮንትሮልንና ዜሮን አንድ ላይ ተጭኖ ጉላቱን ወደ 100 በመቶ ይመልስ፤ በማክ ኮምፒውተር በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድን ይጠቀማል።

የአይፓድ ተጠቃሚዎችን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አይፓድ ኦኤስ 13 ጀምሮ ሳፋሪ በአብዛኞቹ አይፓዶች ራሱን እንደ ማክ ኮምፒውተር ስለሚያስተዋውቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣላችሁ የኮምፒውተሩ ገጽታ ነው። የስልኩን ከመረጣችሁ በገጹ ግርጌ መቀየር ትችላላችሁ።

ገጽታ ስትቀይሩ ገጹ እንደ አዲስ ስለሚከፈት ጀምራችሁ ያላስቀመጣችሁት ቅጽ ይጠፋል፤ ስለሆነም ገጽታውን መጀመሪያ ምረጡ፣ መሙላት ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ «ረቂቅ አስቀምጥ» የሚለውን ሳትነኩ አትቀይሩ። ክፍያ ስታረጋግጡም በስልክ ላይ የስልኩን ገጽታ እንድትጠቀሙ አጥብቀን እንመክራለን። ሰፊው ገጽ በትንሽ ስክሪን ሲታይ «አረጋግጥ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይስታል።

በዚህ አጋጣሚ በጥብቅ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የገጽታ መቀየር የድረ ገጻችንን አድራሻ ፈጽሞ አይለውጥም። ስለዚህ «ወደ አዲሱ የስልክ ገጽታ ለመሸጋገር በዚህ ሊንክ ግቡ» ብሎ የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅ መልእክት ቢደርሳችሁ ከእኛ የተላከ አይደለምና ሊንኩን ሳትነኩ አሳውቁን።

ከላይ በተገለጸው መንገድ ሞክራችሁ ገጹ ካልተስተካከለላችሁ የመሣሪያችሁን ዓይነት፣ የብራውዘሩን ስምና የአድራሻው መስመር ጭምር የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍላችን ላኩልን። ፎቶው ላይ የይለፍ ቃል ወይም የክፍያ ካርድ ቁጥር እንዳይኖር ከመላካችሁ በፊት እንድትመለከቱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል