አባባ፣ እሁድ በደጅዎ አልፌ ነበር

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምታነብልዎት የእቴቴ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፣ የኔ ቆንጆ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ 4ኛ ክፍል ገባ። የትንሿ ሁለት የፊት ጥርስ ወልቆ፣ «አባባ ሲያዩኝ ይስቃሉ» እያለች ነው።

ያለፈው እሁድ የጎፍ ተራራ ደን ሄጄ ነበር፣ ቢራቢሮ ፎቶ ላነሳ። ከደሴ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሐረጎን ስወርድ፣ እርስዎ ከአሰብ የጫኑትን መኪና በዚያ ጠመዝማዛ እንዴት ያወጡት እንደነበር ትዝ አለኝ።

የጎፍን ከልጅነቴ ጀምሮ ከታች ነበር የማየው። ውስጡ ሌላ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። ብርዱ ሳይለቅ ደረስኩ። ቢራቢሮ ሰውነቱን ፀሐይ ካላሞቀችው መብረር አይችልም። ጠዋት ክንፉን ዘርግቶ ሲሞቅ ነው ፎቶ የሚነሳው። ጥላዬ ካረፈበት ይሄዳል። በጎን በኩል፣ ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የምጠጋው። የፈለግሁት ፓፒሊዮ ኤቲዮፕስን ነበር፤ በስሙ አገራችንን የያዘ የደጋ ደን ቢራቢሮ ነው። እስከ 6 ሰዓት ጠበቅሁ። አልመጣም። ስወርድ ግን ደኑ ጫፍ ላይ ጥቁር፣ በቢጫ የተዥጎረጎረ አንድ አየሁ። ወዲያው አወቅሁት። የሎሚያችን ቢራቢሮ ነው።

ሎሚው ትዝ ይልዎታል? 11 ዓመቴ ነበር። ቅጠሉ ላይ 14 ትሎች ነበሩኝ፤ በደብተር እመዘግባቸው ነበር። ትንሽ ሳሉ የወፍ ኩስ ይመስላሉ። ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ። ሲነኳቸው ከራሳቸው ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ ያወጣሉ፣ ሽታ አለው። እርስዎ ከመንገድ ገቡና «ዛፌን ጨረሱት» ብለው ነጭ ጋዝ አፈሰሱባቸው። ሳለቅስ ጎረቤት ፊት «ወንድ ልጅ ለትል ያለቅሳል?» አሉኝ። ሎሚውም ደረቀ። ያን ሁሉ መንገድ ለእኛ ብለው ነው የተመላለሱት፣ አልረሳሁም። ያቺ ቃል ግን 30 ዓመቷ ነው፣ አሁንም ትሰማኛለች።

አባባ፣ ስመለስ በደጅዎ አለፍኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ዞሩ፣ ቀጥ ብለው አዩኝ። አላወቁኝም። እኔም አላቆምኩም። ሰላም ብልዎ «ማነህ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ደሴ ድረስ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድኩ።

የዓይንዎ ሞራ ይውጣልዎ። «ዓይኔን ምላጭ አይነካውም» ይላሉ፤ ሐኪሙ የነገረንን ግን አብረን ሰምተናል። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። የሚደነዝዘው ዓይንዎ ብቻ ነው። ስኳርዎ ግን መውረድ አለበት። ማሩን ከአልጋው ሥር እንደሚያስቀምጡ እቴቴ ነግራኛለች። እባክዎ ይተዉት። መድኃኒቱንም ሲሻልዎ አያቋርጡት።

ቅዳሜ በ2 ሰዓት እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። የቀጠሮ ካርድዎን ልጅቷ ከሳጥኑ ታውጣልዎ። የቢራቢሮውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤዋለሁ። በግራ ዓይንዎ ትንሽ ያያሉ አሉኝ። ከመሄዳችን በፊት ወደ መስኮቱ አስጠግተን እንሞክረው።

ልጅዎ